ከውስጥ የማይከፈት የሳውና በር

ትርንጎ እባላለሁ። ጎንደር አራዳ ክፍለ ከተማ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ይህን የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እኔ ሳላውቅ የገባሁበት ነገር ውስጥ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይገባ ነው። ሁለተኛው ቂም ነው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን አላጣሁትም፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ከተረቱ ጋር ነው ያደግሁት። ቂም የለኝም ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል፣ የዋሸ ሰው ምክርም አይታመንም።

ነገሩ የተጀመረው በወገብ ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም እውላለሁ፤ ማታ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት አቅቶኝ ነበር። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» አለኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሳውና ግቢበት፤ ላብሽ ሲወጣ ብርዱም አብሮ ይወጣል» ብላ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ምድር ቤቱ ሳውና ወደሆነ ቤት ወሰደችኝ።

የቤቱን ባለቤት አቶ ምናሉ ብዬ እጠራዋለሁ። እውነተኛ ስሙ አይደለም። እውነተኛውን ያልጻፍኩት አዝኜለት ሳይሆን ለሽማግሎች ቃል ስለገባሁ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ሳውና ማለት ግድግዳዋም ጣሪያዋም በእንጨት የተለበጠ ትንሽ ክፍል ናት። ጥግ ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ምድጃ አለ፣ በላዩ ድንጋይ ተከምሯል። ድንጋዩ ላይ በጭልፋ ውሃ ሲፈስበት እንፋሎቱ ይነሣና ጆሮ ይለበልባል። መቀመጫው ባለ ሁለት እርከን ነው፤ የላይኛው ከታችኛው በጣም ይሞቃል። ግድግዳው ላይ የሙቀት መለኪያና ሰዓት ሊኖር ይገባ ነበር። የእኛው ግድግዳ ላይ የነበረው ሰዓቱ ድሮ የተሰቀለበት ሚስማር ብቻ ነው።

ሁለት ጊዜ ገባሁበት፤ ሸጋ ነበር። ወገቤ ለቀቅ አለልኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ብርቄ የምትባል ጸጥ ያለች ሴት ነች። ፎጣ ትሰጣለች፣ ገንዳውን ታጥባለች፣ ለሚወጣ ሰው ውሃ ታቀርባለች። የሴቶች ቀን ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ሁለቱም የጾም ቀን። ይህን የደለደለው ሰው ስለ ጾመኛ ሴት አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

ሦስተኛው ጊዜ በሁዳዴ ላይ ዋለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ውሃም አልቀምስም። ያን ረቡዕ ክፍሌን በስምንት ሰዓት ጨረስኩና «ዘጠኝ እስኪሞላ ገብቼ ልውጣ» አልኩ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፣ ለማንም አልሰጠውም። ከማታ ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልገባበት ሰውነት ይዤ ላብ ላወጣ ሄድኩ። ምን ይዤ እንደማላብ አላሰብኩትም። «በልተሻል? ጠጥተሻል? የደም ግፊት አለብሽ?» ብሎ የጠየቀኝም የለም። የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር አቶ ምናሉ አላዘዘም።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ፎጣ ሳታነጥፍ በላይኛው እርከን ላይ ተዘርግታለች፤ ሁለተኛዋ ስልክ ይዛ ገብታ ስለ አንድ ሰርግ ጮክ ብላ ታወራለች። ታችኛው እርከን ላይ የጫማና የልብስ ቦርሳቸው ስለተቀመጠ ወደ ላይ ወጣሁ። «እባካችሁ ቦርሳውን አንሡልኝ» ማለት አፈርኩ። አንድ ጊዜ ማፈር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ባለ ስልኳ ማንንም ሳትጠይቅ ጭልፋውን አንሥታ ውሃ አፈሰሰች። ጥቂት ቆይታ ደገመች። ሦስተኛ ጊዜ ስታፈስ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ከዚያ «በቃን» ተባባሉና ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ሲወጡ በሩን በኃይል ወረወሩት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት የእንጨት በር ነው፤ በእንፋሎት ብዛት አብጧል። ያበጠ እንጨት በኃይል ሲወረወር መቃኑ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። ድምፁን ሰምቻለሁ። ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ብቻዬን ስቀር ደስ አለኝ። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ላቤ ቆመ። ይህን ያዙልኝ፦ ከሁሉ የሚያስፈራው ላብ ሲበዛ አይደለም፣ እየሞቀሽ ላቡ ሲቆም ነው። ቆዳዬ ደረቀ፣ ራሴን ዞረኝ፣ ልቤ በጉሮሮዬ በኩል የሚወጣ መሰለኝ። ወርጄ በሩን ገፋሁት። አልተነቃነቀም። በትከሻዬ ገፋሁት፣ ዞሬ በጀርባዬ ገፋሁት። መታሁት። ውጭ ዘፈን ተከፍቷል፤ በሁዳዴም ዘፈን ይከፍታሉ። በበሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስተዋት በመዳፌ ጠረግሁ፤ የማየው ኮሪደር ባዶ ነው። «ብርቄ» አልኩ፣ ድምፄ ከከንፈሬ አልራቀም። ከዚያ የማስታውሰው የወለሉን እንጨት ነው። መውደቄ ሳያድነኝ አልቀረም፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ያለው አየር ቀለል ይላል።

ስነቃ ቀዝቃዛ የሸክላ ወለል ላይ ተኝቼ ብርቄ ፊቴ ላይ ውሃ እያርከፈከፈች ስሜን ትጠራለች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። ከራሴ በላይ የአቶ ምናሉ ድምፅ ተሰማኝ።

«ልብሷን አልብሻት። ባጃጅ ጥሪ።»

«ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለባት፣ ጋሼ» አለች ብርቄ።

«ቤቷ ነው የምትሄደው። ሐኪም ቤት ከሄደች ከየት መጣች ይባላል።»

ተሸክመው ደረጃውን ሲያወጡኝ የባጃጁ ሾፌር «ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ምናሉ «ጠጥታ ነው የመጣችው» አለው። ሰማሁት። ምላሴ ግን እንደ ድንጋይ ከብዶ መልስ መስጠት አልቻልኩም። የመሪጌታ ልጅ፣ በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰክራ። የበቀሌ ፍሬ የተዘራው በሩ አልከፈት ሲለኝ ሳይሆን ያች ቃል ስትነገር ነው።

ባለቤቴ ደሳለኝ ከጎንደር አዲ አርቃይ ሚኒባስ ይነዳል፤ ያን ቀን እዚያው አድሯል። በማግስቱ ሲመጣ ጭኔም ክንዴም ተቀጥቅጦ እንዳደረ ሰው እያመመኝ፣ ያስታውከኛል። ሽንቴ ሻይ ቅጠል ተዘፍዝፎ የዋለበት ውሃ መስሏል። አቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉ። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ይህን ሳይባል የወጣ ሰው ካለ አላገኘሁትም። ስለ ሳውናው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም የስካሩን ወሬ እየፈራሁ አልተናገርኩም። መድኃኒት ሰጡኝ፣ ለሕመሙ በየቀኑ መርፌ ወጉኝ። መርፌው ለጊዜው ያስተኛኛል፣ ሽንቴ ግን በየቀኑ እያነሰ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የሽንቴን ቀለም አይተው «ጉበት ነው» አሉ። አንዲት ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም አይችለውም» ብላ ሥር የሚቀምም ሰው አመጣች። የቀመመውን አልጠጣሁትም። ብልህ ስለነበርኩ አይደለም፤ ምንም ነገር አልወርድ ስላለኝ ነው።

በዚያ ሳምንት ደሳለኝ ከመናኸሪያ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትቆጪ።»

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን ጠጥተሽ ነበር?»

የባጃጁ ሾፌር ለመናኸሪያ ልጆች አውርቶ፣ እነሱ ለረዳቱ ነግረው፣ ረዳቱ ለእሱ ነግሮታል። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ጠላ እንኳ የማልቀምስ መሆኔን ያውቃል። እያወቀ ጠየቀኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በልቤ ግን «አቶ ምናሉ፣ ይህንንም ጨምርበት» አልኩ።

እግሬ አበጠ፤ ፊቴም ጠዋት ጠዋት ሊጥ መሰለ። አንድ ሙሉ ቀን ሽንቴ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር ደሳለኝ አቅፎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ። ኮሪደሩ ላይ ከሰሜን ወረዳዎች ሁሉ የመጣ ሰው አለ፤ ጋቢ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ዶክተር አየችኝ። ካርዴን አነበበች፣ ያለፉትን ውጤቶች አየች፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ጎን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«ከመታመምሽ በፊት የነበረውን ቀን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነች። ሁሉንም ነገርኳት። ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ዘፈኑን፣ መስተዋቱን፣ «ጠጥታ ነው» የተባለውን ስናገር እጁን በአፉ ላይ አደረገ።

ዶክተሯ በቀላሉ አስረዳችን። «ሙቀቱ ጡንቻሽን አቁስሎታል። የቆሰለ ጡንቻ ቆሻሻውን ደም ውስጥ ይለቃል፤ ሽንትሽን ያጠቆረው እሱ ነው። ኩላሊት ወንፊት ነው፣ ያ ቆሻሻ ወንፊቱን ደፈነው። ውሃ ስላልነበረሽ ደግሞ የሚያጥበው ነገር አልነበረም።» ቀጥላ የመርፌውን ስም ጠየቀችና ራሷን ነቀነቀች። «ይህ የማስታገሻ መርፌ ለተጎዳ ኩላሊት ጫና ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳውና ገብቼ ራሴን ስቼ ነበር ብትዪ ኖሮ አይወጉሽም ነበር።»

እፍረቴ ኩላሊቴን ሲበላ ሰንብቷል ማለት ነው። ይህ ግማሹ የኔ ነው። ግማሹ ግን እፍረቱን በላዬ ላይ የጫነው ሰው ጥፋት ነው።

የኩላሊት እጥበት ጀመርኩ። ደም ከሰውነት ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ ይመለሳል። ሰውነት ይበርደዋል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። ደሳለኝ ሚኒባሱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ ከእኔ ጋር ሰነበተ። አያ በላይ የሚባሉ የጃናሞራ ገበሬ ሚስታቸውን እያስታመሙ ነበር። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ እንባዬን አዩ።

«ምነው ልጄ?»

«ኩላሊቴ አልመለስ አለ፣ አያ።»

«ኩላሊት እንደ በግ ነው ይላሉ እዚህ ያሉት ሴትዮ» አሉኝ፤ ነርሷን ማለታቸው ነው። «ደንግጦ ከሸሸ በኋላ ስታባርሪው አይመጣም። ዝም ብለሽ ጠብቂው፣ ሲርበው ይመጣል።»

ለራሳቸው የሚቀመጡባትን በርጩማ አምጥተው እግሬን ከፍ አድርጌ እንዳሳርፍባት ሰጡኝ። ሚስታቸው ከእኔ ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ በእግራቸው አልወጡም። አያ በላይ ሲሄዱ በርጩማዋን ለደሳለኝ ተዉለት። «አንተ ገና ትቀመጣለህ» አሉት።

በሦስተኛው ሳምንት ሽንቴ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሲኒ፣ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ። በፕላስቲክ መስፈሪያ ይለካል፣ ይጻፋል፤ የክፍሉ አስታማሚ ሁሉ «ስንት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መስፈሪያው ሞልቶ የፈሰሰ ዕለት አንዲት የማላውቃት ሴት እልል አለችልኝ። ስለዚህ ነገር በአደባባይ መጻፍ ያሳፍር ይሆናል። እኔ ከእፍረት ጋር ተፋትቻለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታከለ ከዳባት ገጠር በሶ ይዞ ሊጠይቀኝ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁሉንም ሰማ። «ስሙን ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«አልነግርህም፣ አያ።»

«ፈራሽለት?»

«አልፈራሁለትም። አንተ አንድ ቀን ትጨርሰዋለህ፣ እሱ ያርፋል፣ አንተ እስር ቤት ትገባለህ። በቀሌን ለማንም አላውስም።»



ከዚያ ብርቄ መጣች፣ በነጠላ ተሸፋፍና። አልጋዬ ሥር ቁጭ ብላ እግሬን ያዘች። በሩ ካበጠ ብዙ ወር እንደሆነው፣ ሁለት ጊዜ ለአቶ ምናሉ እንደነገረችው፣ እሱም «ጉልበት የሌለው አይግባ» እንዳላት ነገረችኝ። ከእኔ በፊት አንዲት አሮጊት ውስጥ ተቀርቅረው እሷ ጎትታ እንዳወጣቻቸው ነገረችኝ። ከእኔ በኋላም በሩ እንዳልተሠራ ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ የተሰማኝን ነገር ዛሬም ለንስሐ አባቴ ሙሉውን አልተናገርኩትም።

«ትመሰክሪያለሽ?» አልኳት።

«እንጀራዬ ነው፣ እትዬ ትርንጎ።»

አልተቆጣኋትም። በሩን የከፈተችው እሷ ነች።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ እግሬ እስኪጠና ጠበቅሁ። አቤቱታዬን ይዤ ሁለት ቢሮ ሄድኩ፤ «ማስረጃ» አሉኝ። ከዚያ የራሴን መንገድ ያዝኩ። ከሳውናው ትይዩ አንዲት ዘመዴ የጨርቅ ሱቅ አላት። ክረምቱን ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ፣ ረቡዕና ዓርብ እዚያ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። የምትገባ ሴት ባየሁ ቁጥር ተነሥቼ ሰላምታ እሰጣለሁ። «እህቴ፣ ከመግባትሽ በፊት በሩን ከውስጥ ዘግተሽ ሞክሪው። እኔ እዚያ ውስጥ ተቀርቅሬ ኩላሊቴ ሞቶ ተነሥቷል» እላለሁ። አልሳደብም፣ አልጮህም። የአንገቴን ጠባሳ፣ የማሽኑ ቱቦ የገባበትን፣ አሳያለሁ። አንዳንዷ ትስቃለች። አብዛኛዋ ትመለሳለች። አቶ ምናሉ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመድኃኒቱ ሁሉ የጠቀመኝ ያ ወንበር ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አቶ ምናሉ ሽማግሎች ላከ። የመጡት የንስሐ አባቴ አባ ኪሮስና የሰፈራችን ታላቅ አያ ገብሩ ናቸው። ካሳ እንደሚሰጥ፣ እኔም ከወንበሩ እንድነሣ ነበር መልእክቱ።

«ካሳ አልፈልግም» አልኩ። «ሁለት ቃል እንዲናገር እፈልጋለሁ። በሩ ከውስጥ እንደማይከፈትና እኔ እንዳልሰከርኩ።»

ሄደው ተመለሱ። አያ ገብሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «በሩ ደህና ነው ይላል። ከውስጥ በአንድ ጣት ይከፈታል ይላል።»

«እንግዲያው እናንተ ባላችሁበት ገብቶ ይክፈተው። እኔ እንደተቀመጥኩት ይቀመጥ፣ ከዚያ በአንድ ጣቱ ከፍቶ ይውጣ። ከወጣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አባ ኪሮስ አላማራቸውም። አቶ ምናሉ ግን ኩሩ ሰው ነው፤ «በየሳምንቱ የምገባበት ነው» ብሎ እሺ አለ። እሱ የሚገባው ብርቄ በሩን ገርበብ አድርጋለት መሆኑን ረስቶታል።

በማግስቱ እኔ፣ ደሳለኝ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆምን። ብርቄም አለች። ምድጃው ግሏል። አቶ ምናሉ ቁምጣ ለብሶ ፎጣ ይዞ እየሳቀ ገባ። እኔ በሩን ያዝኩና እነዚያ ሴቶች እንደወረወሩት ወረወርኩት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ እጄን በነጠላዬ ውስጥ አጣጥፌ ቆምኩ። ማንም በሩን እንዳልያዘ ሁሉም አየ።

መጀመሪያ «ተቀምጫለሁ፣ ሸጋ ነው» አለ። ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲፈስ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ጠቅ አለ፤ በአንድ ጣት ሳይሆን በመዳፍ። ደግሞ ጠቅ አለ። ከዚያ በትከሻ መጣበት።

«ክፈቱ» አለ።

አያ ገብሩ ሊራመዱ ሲሉ ፊታቸው ቆምኩ። «አያ፣ ከውስጥ ይከፈታል ብሏል እኮ።»

«ወለተ ሚካኤል» አሉ አባ ኪሮስ በክርስትና ስሜ፣ «ነፍስ ነው።»

«እኔም ነፍስ ነበርኩ፣ አባ።»

በመስተዋቷ ፊቱ መጣ፤ ቀልቷል፣ አፉ ተከፍቷል። ያን ፊት በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁት። ጠጋ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት።

«ሰክሬ ነበር?»

«አልሰከርሽም።»

«በሩስ?»

«አይከፈትም። ከውስጥ አይከፈትም፣ በእመቤታችን ክፈችልኝ።»

«ድምፅህ አይሰማም፤ ለሽማግሎቹ ድገምላቸው።»

ደገመው። አባታችን ሆይን አንድ ጊዜ የምታደርስ ያህል ጸጥ ብዬ ቆምኩ። ማንም ያላዘዘኝ፣ ማንም ያልጠበቀብኝ ጊዜ ነበር፤ የራሴ ነው። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። አንድ ጊዜ አልበቃውም፣ ብርቄ መጥታ አብራኝ ሳበች።

በጉልበቱ ወጣ። አስቀመጥኩት፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቱና ብብቱ ሥር አደረግሁለት፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣሁት። ደሳለኝ አየኝና «ምን ሆነሽ ነው የምታስታምሚው?» አለኝ። ሞቶ እንዲያመልጠኝ ስላልፈለግሁ ነው። ደሳለኝ እዚያው፣ ሽማግሎቹ ፊት፣ ያችን አንዲት ጥያቄ ስለጠየቀኝ ጉልበቴን ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ጊዜ ወሰደብኝ እንጂ።

እኔ ያደረግሁትን ማንም እንዳያደርግ። ሰው ሊሞት ይችል ነበር፣ ያን ዕለት ሐኪሟ አጠገቤ ብትኖር ትጮህብኝ ነበር። ሳውና መግባት ግን አልከለክልም፤ ወግ ካለው ሸጋ ነገር ነው። ከመግባትሽ በፊት ውሃ ጠጪ፤ ጾመኛ ከሆንሽ ጾምሽን ፈትተሽ፣ ጠጥተሽ፣ ቆየት ብለሽ ግቢ፣ ወይም ሌላ ቀን ሂጂ። አልኮል ቀምሰሽ፣ ነፍሰ ጡር ሆነሽ፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ኖሮብሽ ሐኪም ሳትጠይቂ አትግቢ። ታጥበሽ ግቢ፣ ፎጣሽን አንጥፈሽ ተቀመጪ። የታችኛው እርከን ለሁሉም ነው፤ ቦርሳ አይቀመጥበትም፣ የተቀመጠ ካለም «አንሡልኝ» ለማለት አትፈሪ። ውሃ ከማፍሰስሽ በፊት አብረውሽ ያሉትን ጠይቂ። ስልክሽን ውጭ ተዪ። አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ራስሽን ቢያዞርሽ ወይም ላብሽ ቢቆም በዚያች ደቂቃ ውጪ። ብቻሽን አትቅሪ፣ ሌላ ሰው ብቻውን ትተሽም አትውጪ። በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊው። ከታመምሽ ደግሞ የነበርሽበትን ቦታ ለሐኪሙ ሳታፍሪ ተናገሪ።

ሽማግሎቹ ፊት እሱ በሩን ሊያሠራ፣ እኔም ከወንበሩ ልነሣና ስሙን ላልጠራ ቃል ተገባባን። አቶ ምናሉ በሩን አስነቅሎ በትንሽ ግፊት የሚከፈት፣ መቆለፊያ የሌለው አስገጥሟል። ሰዓትና የሙቀት መለኪያ ሰቅሏል። ብርቄ እዚያው ትሠራለች፤ የሚገባ ሰው ምን እንደበላና እንደጠጣ የምትጠይቀው እሷ ነች። የእኔ ኩላሊት ሐኪሟ እንዳለችው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በየስድስት ወሩ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ፣ የማስታገሻ መርፌ ግን በሕይወቴ አልወስድም።

ባለፈው አባ ኪሮስ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ጠየቁኝ። «ወለተ ሚካኤል፣ ያን ሰው በጸሎትሽ ታነሽዋለሽ?»

«በየቀኑ አነሣዋለሁ፣ አባ።»

ፊታቸው በራ። «ምን ብለሽ?»

«ዕድሜውን አርዝምለት፣ ማስታወሱንም አትንሣው እያልኩ።»

መስቀላቸውን አወጡ፣ ጥቂት አሰቡ፣ ግንባሬ ላይ አሳርፈው ሄዱ።